መክፈቻ የሚመደበው በቅደም ተከተሉ ነው ወይስ በደረሰበት አሰላለፍ? (የጨዋታ መዝገብ ለምታዘጋጁ ሁሉ)

የጦሳ ፈረስ (ደሴ)

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ላይ ቼዝ የምንጫወት ልጆች የጨዋታ ወረቀቶቻችንን ሰብስበን አንድ መዝገብ እያዘጋጀን ነው። ፒያሳ ቡና ቤት የተጫወትነውም፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ልጆች ጋር የገጠምነውም አንድ ቦታ እንዲገኝ ነው የምንፈልገው። ጀማሪ ልጅ መጥቶ «ካሮ-ካን ስጫወት የምሸነፈው የት ላይ ነው?» ሲል ጨዋታዎቹን አውጥቶ ጎን ለጎን ማየት አለበት። ለዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ጨዋታ መክፈቻው፣ ማለትም እንደ ካሮ-ካን ያለ ስም ያለው አጀማመሩ፣ ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ክርክሩ የተነሳውም እዚህ ላይ ነው።

ግማሾቻችን «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንቅስቃሴዎች እንመድብ፣ ቀላል ነው» ይላሉ። እኔ ግን መክፈቻ መመደብ ያለበት ሰሌዳው ላይ በተፈጠረው አሰላለፍ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴን በምሳሌ ላሳይ። አጻጻፌ እንዳያምታታችሁ፦ ፊደል ከአንድ አሃዝ ጋር ሲሆን ካሬ ነው (ዲ4)፣ ከሁለት አሃዝ ጋር ሲሆን የመክፈቻ ኮድ ነው (ዲ42)። የጠጠር ስም ከሌለው የወታደር እንቅስቃሴ ነው፣ «×» መብል ነው፣ ከቁጥሩ በኋላ ሦስት ነጥብ ካለ የጥቁሩ እንቅስቃሴ ነው፣ «ካስሊንግ» ንጉሡና ሩኩ በአንዴ የሚንቀሳቀሱበት ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። 1.ኢ4 ኢ5 2.ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6 3.ፈረስ ሲ3 ፈረስ ኤፍ6። አራቱም ፈረሶች ወጡ፣ ፎር ናይትስ ነው። አሁን ጥቁሩ በሁለተኛው ላይ ፈረስ ኤፍ6 ይበል፤ ፔትሮቭ ጀመረ። ነጩ ፈረስ ሲ3፣ ጥቁሩ ፈረስ ሲ6 ካሉ ግን ያው ፎር ናይትስ ላይ ቁጭ አሉ። ነጩ በሁለተኛው ፈረስ ሲ3 ቢልም በቪየና በኩል እዚያው ይደረሳል። ሌላው ቀርቶ 1.ኢ4 ፈረስ ኤፍ6 ብሎ በአሌክሂን የጀመረ ሰው 2.ፈረስ ሲ3 ኢ5 3.ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6 ሲባል ራሱን እዚያ ያገኘዋል። በመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴዎች ብንመድብ አንዱን አሰላለፍ አራት ቦታ ልንበትነው ነው።

ይህኛው ደግሞ እኔን ያስደነቀኝ ነው። ካሮ-ካን፣ የፓኖቭ አጨዋወት፦ 1.ኢ4 ሲ6 2.ዲ4 ዲ5 3.ኢ×ዲ5 ሲ×ዲ5 4.ሲ4 ፈረስ ኤፍ6 5.ፈረስ ሲ3 ኢ6 6.ፈረስ ኤፍ3 ቢሾፕ ኢ7 7.ሲ×ዲ5 ፈረስ×ዲ5 8.ቢሾፕ ዲ3 ፈረስ ሲ6 9.ካስሊንግ ካስሊንግ።

አሁን ሰሚ-ታራሽን ተመልከቱ፦ 1.ዲ4 ዲ5 2.ሲ4 ኢ6 3.ፈረስ ሲ3 ፈረስ ኤፍ6 4.ፈረስ ኤፍ3 ሲ5 5.ሲ×ዲ5 ፈረስ×ዲ5 6.ኢ3 ፈረስ ሲ6 7.ቢሾፕ ዲ3 ሲ×ዲ4 8.ኢ×ዲ4 ቢሾፕ ኢ7 9.ካስሊንግ ካስሊንግ።

ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ደርድሩና አስተያዩ። አንዲት ወታደር እንኳ አትለይም፣ ተራው የነጩ ነው፣ ሁለቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫውተዋል። አንዱ የተጀመረው በንጉሥ ወታደር ነው፣ ሌላው በንግሥት ወታደር። በኮድ ሲታይ አንዱ ቢ14፣ ሌላው ዲ42 ነው፤ የመክፈቻ ኢንሳይክሎፒዲያው ሁለት የተለያዩ ጥራዞች ማለት ነው። ጨዋታው ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ነጩ ያቺን ብቻዋን የቀረች የዲ4 ወታደር ወደ ዲ5 መግፋት ይችላል ወይስ ጥቁሩ ዲ5 ላይ ፈረሱን ተክሎ ያፍናታል? ይህን የሚያጠና ልጅ ጨዋታዎቹ በሁለት ማህደር ተከፋፍለው ከጠበቁት ግማሹን ሳያይ ነው የሚቀረው።

እናንተ ምን ትላላችሁ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ይገባኛል፤ ግን ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ኮድ እያለ እኛ ለምን አዲስ ነገር እንፈጥራለን? ከኤ00 እስከ ኢ99 አለ፣ አምስት መቶ ኮድ። የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ አይቶ መለጠፍ ነው። ኢ4 ካለና መልሱ ኢ5 ከሆነ ሲ፣ ዲ4 ዲ5 ከሆነ ዲ። ልጆቹም ቶሎ ይይዙታል።

መምህር ነኝ (ወልድያ)

ቦርከና፣ ኮዱን መጠቀሙ ላይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ኮዱ ራሱ አንተ እንዳልከው በመጀመሪያ እንቅስቃሴ ብቻ የተሠራ አይደለም። ያወጡት የቤልግሬዶቹ ኢንፎርማተር ሰዎች ናቸው፤ መጽሔታቸው በ1966 የጀመረ ሲሆን የመክፈቻ ኢንሳይክሎፒዲያው ጥራዞች ከ1974 ጀምሮ ወጡ (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር)። ጥራዞቹን ብታገላብጥ አዘጋጆቹ ከቅደም ተከተል ይልቅ የወታደሮችን አቀማመጥ የተከተሉበት ቦታ ብዙ ነው።

ግሩንፌልድንና ኪንግስ ኢንዲያንን ውሰድ። ሁለቱም 1.ዲ4 ፈረስ ኤፍ6 2.ሲ4 ጂ6 3.ፈረስ ሲ3 ብለው አብረው ይጓዛሉ። ጥቁሩ ዲ5 ካለ ግሩንፌልድ ነው፣ ከዲ70 እስከ ዲ99። ቢሾፑን ጂ7 ላይ አድርጎ ዲ6 ካለ ኪንግስ ኢንዲያን ነው፣ ከኢ60 እስከ ኢ99። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ብቻ ቢታይ እነዚህን ምን ይለያቸዋል? ግሩንፌልድን ከዲ ጥራዝ ያስገባው የዲ5 ወታደር ነው። ደች ደግሞ 1.ዲ4 ኤፍ5 ሆኖ ሳለ ከእንግሊሽና ከሬቲ ጋር ኤ ጥራዝ ውስጥ ነው። 1.ዲ4 ኢ6 2.ኢ4 ያለ ሰው በዲ4 ቢጀምርም ፍሬንች ነው የተጫወተው፤ ሲ00 ብለህ ነው የምትጽፈው። እንግዲህ ኮዱ አሰላለፍን መከተል የጀመረ ሥራ ነው፤ እስከ መጨረሻው አልሄደበትም እንጂ።

አባ መደቅ (ሐይቅ)

ልጆቼ፣ ሰላም ዋሉ። ይህን ክር ሳነበው የአባቶቻችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ትዝ አለኝ፣ ከአባቴ የሰማሁትን ልጨምርላችሁ።

በሰንጠረዥ ጨዋታው የሚከፈተው በወረራ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ሰደው መደቁንም (ወታደሩን) ፈረሱንም ፊሉንም (ዝሆኑን) እንደፈቀዳቸው ያሰልፋሉ፤ አንዱ ሦስት ሲያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ይህ የሚቆመው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። ከመጀመሪያዋ መብል በኋላ ነው አንድ አንተ አንድ እኔ የሚባለው። እንግዲህ የወረራን ቅደም ተከተል ማን ይጽፈዋል? ሊጻፍ አይችልም። አዋቂዎቹ የሚያወሩት «እገሌ ፈረሱን እዚህ፣ ደሩን (ሩኩን) እዚያ አድርጎ ተሰለፈ» ብለው ነው። በእኛ አገር መክፈቻ ማለት አሰላለፍ ነበር።

ስለዚህ የጦሳ ፈረስ ያለው ለእኔ አዲስ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎበዙ የወረራ ተጫዋች ዓይኑ ከባላጋራው ሰልፍ አይነቀልም ነበር። ያኛው ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያወጣ አይቶ የራሱን ሰልፍ ያፈርስና እንደገና ይሠራል። ሐሳቡን ቀድሞ የገለጠ ተጎጂ ነው። ተራ ባይኖርም መቅደምና መከተል ነበር።

ሲ4 ብቻ (ወልድያ)

ጋሼ አባ መደቅ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልናገረው የነበረውን በሰንጠረዥ አስረዱልኝ። እኔ በቅደም ተከተል በኩል ነው የምቆመው፤ ለመመደብ ሳይሆን እንዳይጣል።

እኔ ሁልጊዜ በ1.ሲ4 ነው የምከፍተው። ሆኖም 1.ሲ4 ሲ5 2.ፈረስ ኤፍ3 ጂ6 3.ዲ4 ሲ×ዲ4 4.ፈረስ×ዲ4 ፈረስ ሲ6 5.ኢ4 ስጫወት የደረስኩት ሲሲሊያን ውስጥ ነው፤ ማሮቺ ባይንድ የሚባለው አሰላለፍ። የኢ4 ተጫዋች በ1.ኢ4 ሲ5 2.ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6 3.ዲ4 ሲ×ዲ4 4.ፈረስ×ዲ4 ጂ6 5.ሲ4 ብሎ የሚደርስበት ያው ነው። መዝገባችሁ ሁለታችንንም ማሮቺ ብሎ አንድ ላይ ቢያስቀምጠን ትክክል ነው፣ እስማማለሁ። ነገር ግን የእኔን ጨዋታ የሚያጠና ሰው እኔ በኢ4 ከሚመጡት የሲሲሊያን አጨዋወቶች ከናይዶርፍም ሆነ ከድራገን ጋር ተፋጥጬ እንደማላውቅ ማወቅ አለበት። የመረጥኩት መንገድ እነሱን ሁሉ ዘግቶልኛል። የጥቁሩም ፈንታ ይለያል፤ 2...ጂ6 ባይል ኖሮ እዚህ ባልደረስን።

ትልቁን ምሳሌ ላንሳ። ካስፓሮቭና ካርፖቭ በ1984 (በፈረንጆች) ለዓለም ሻምፒዮና ሲገናኙ በመጀመሪያው ጨዋታ ካስፓሮቭ በጥቁር ሼቨኒንገን የሚባለውን የሲሲሊያን አጨዋወት በቀጥተኛው መንገድ ተጫወተ፤ ማለትም 5...ኢ6። ካርፖቭ ወዲያው 6.ጂ4 አለው፣ የኬረስ ጥቃት ነው። አቻ ወጡ፤ ካስፓሮቭ ግን በዚያ መንገድ መመለሱን ተወው። በ1985 በ24ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ላይ መጀመሪያ 5...ኤ6 አለ፣ የናይዶርፍ በር ነው። ካርፖቭ 6.ቢሾፕ ኢ2 ካለ በኋላ ነው 6...ኢ6 ብሎ ወደ ሼቨኒንገኑ የገባው። ቢሾፑ ኢ2 ላይ ከወጣ በኋላ ጂ4 ቢመጣም የመጀመሪያው ስለት የለውም። ያን ጨዋታ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በአሰላለፍ ብቻ ከመደብነው «ሼቨኒንገን» ብለን እናልፋለን። የዚያ ጨዋታ የመክፈቻ ብልሃት ግን ያለው አንዲት የኤ ወታደር ከኢ ወታደር መቅደሟ ላይ ነው! ይህ ከመዝገቡ ከጠፋ ልጆቹ ምን ይማራሉ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ይህማ የእኛው ከተማ ነገር ነው። ከሚሌ በባቲ በኩል የመጣም፣ ከሸዋ ሮቢት በከሚሴ በኩል የመጣም ኮምቦልቻ ላይ ይገናኛል። ደሴ ሲገቡ ሁለቱም ደሴ ገቡ ነው የሚባለው። ሹፌሩን «በየት መጣህ?» የምትለው ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ነው፤ ያም የራሱ ጥቅም አለው። ሁለቱንም ጻፉና ገላግሉን።

ዜሮና አንድ (ኮምቦልቻ)

ኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። መዝገቡ ኮምፒዩተር ላይ የሚገባ ከሆነ አብሽሩ፣ አሰላለፍን መለየት ለፕሮግራም ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ወጥመድ ግን አለበት።

«አንድ ዓይነት አሰላለፍ» ማለት ምን እንደሆነ ከዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ እንነሳ። አንቀጽ 9.2 ስለ ሦስት ጊዜ መደጋገም ሲደነግግ፦ ተራው የአንድ ሰው መሆን አለበት፣ ዓይነታቸውና ቀለማቸው አንድ የሆነ ጠጠሮች በዚያው ካሬ ላይ መሆን አለባቸው፣ ሊደረጉ የሚችሉት እንቅስቃሴዎችም አንድ መሆን አለባቸው። የካስሊንግ መብት ወይም አን ፓሳን (ሁለት ካሬ የዘለለችን ወታደር በጎኗ ያለች የባላጋራ ወታደር ወዲያው መብላቷ) ከተለየ አሰላለፉ ተለይቷል። ለመዝገብም ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም።

አሁን ወጥመዶቹ። አሰላለፍን በአንድ መስመር የምንጽፍበት ፌን የሚባለው አጻጻፍ ስድስት ክፍል አለው፦ ጠጠሮቹ፣ ተራው፣ የካስሊንግ መብት፣ የአን ፓሳን ካሬ፣ ከመጨረሻው የወታደር እንቅስቃሴ ወይም መብል ወዲህ ያለው ቆጠራ፣ የእንቅስቃሴው ቁጥር። ሙሉውን ካወዳደራችሁ ትራንስፖዚሽን (በተለያየ መንገድ አንድ አሰላለፍ ላይ መድረስ) ያመልጣችኋል። ለዚህ የምወደው ምሳሌ፦

ፔትሮቭ፦ 1.ኢ4 ኢ5 2.ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6 3.ፈረስ×ኢ5 ዲ6 4.ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ×ኢ4 5.ዲ3 ፈረስ ኤፍ6 6.ዲ4 ዲ5።

ፍሬንች ኤክስቼንጅ፦ 1.ኢ4 ኢ6 2.ዲ4 ዲ5 3.ኢ×ዲ5 ኢ×ዲ5 4.ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6።

ሰሌዳው አንድ ነው፣ ተራውም የነጩ ነው። አንዱ ግን የደረሰው በስድስት እንቅስቃሴ ነው፣ ሌላው በአራት። ፈረሶቹ ሲመላለሱ፣ የዲ ወታደሮችም ሁለት ጊዜ ሲገፉ ነው ልዩነቱ የጠፋው። የፌኑ መጨረሻ በአንደኛው «0 7» ነው፣ በሁለተኛው «2 5»። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ቆርጣችሁ በአራቱ ብቻ አወዳድሩ። ያ አጭሩ ቅርጽ ኢፒዲ ይባላል። የፔትሮቩ 5.ዲ3 «የፍሬንች ጥቃት» የተባለውም ወደዚህ ስለሚያመጣ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ አን ፓሳን ነው፣ ብዙ ሰው የሚስተው። 1.ዲ4 ፈረስ ኤፍ6 2.ፈረስ ኤፍ3 እና 1.ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6 2.ዲ4 አንድ አሰላለፍ ናቸው፤ አይደል? በ1994ቱ (በፈረንጆች) የፒጂኤን፣ ማለትም የጨዋታ ፋይል አጻጻፍ፣ ደንብ መሠረት ግን ወታደር ሁለት ካሬ በዘለለ ቁጥር ከኋላው ያለው ካሬ ይጻፋል፤ የሚበላው ኖረም አልኖረም። በሁለተኛው ቅደም ተከተል የመጨረሻው እንቅስቃሴ ዲ4 ስለሆነ ፌኑ ላይ «ዲ3» ይገባል፣ በመጀመሪያው ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱን ይለያያቸዋል። መፍትሔው የአን ፓሳኑን ካሬ በእርግጥ መብላት የሚችል ወታደር ሲኖር ብቻ መጻፍ ነው።

የበለጠ ማወቅ ለምትፈልጉ፦ ኤንጂኖች (ቼዝ የሚጫወቱ ፕሮግራሞች) ይህን የሚሠሩት ዞብሪስት የሚባል ሰው በ1970 ባቀረበው ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ጠጠር በእያንዳንዱ ካሬ ላይ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይመደባል፤ 12 ዓይነት ጠጠር በ64 ካሬ 768 ቁጥር ይሆናል። ፖሊግሎት በሚባለው የመክፈቻ መጽሐፍ ቅርጽ ለካስሊንግ 4፣ ለአን ፓሳን 8፣ ለተራ 1 ተጨምሮ 781 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ኤክስኦር በሚባል ስሌት ይጣመራሉ፤ በዚህ ስሌት የቱ እንደቀደመ ለውጤቱ ምንም አይደለም። ለዚህ ነው የፓኖቩና የሰሚ-ታራሹ አሰላለፍ አንድ ቁጥር የሚያወጡት። ትራንስፖዚሽን የሚገኘው በፍለጋ ሳይሆን ከስሌቱ ራሱ ነው፤ ይህ ለእኔ ከቼዝ ፕሮግራም ሁሉ የሚያምረው ቦታ ነው።

የጦሳ ፈረስ (ደሴ)

ወላሂ ይህን ያህል አልጠበቅኩም፤ አላህ ይስጥልን። ሲ4 ብቻ ያልሽው ልክ ነው፣ ሁለት ዓምድ እናደርጋለን። አንዱ «አሰላለፍ» ነው፣ ምደባው በእሱ ይሆናል። ሁለተኛው «የመጣበት»፣ የመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴዎች እንደተጫወቱ ይጻፉበታል። ፈልገን ስናወጣ በመጀመሪያው፣ ስናጠና ግን ሁለቱንም እያየን።

የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ጨዋታ በብዙ ስም ያላቸው አሰላለፎች ውስጥ ያልፋል። በሬቲ ጀምሮ 1.ፈረስ ኤፍ3 ዲ5 2.ሲ4 ኢ6 3.ጂ3 ፈረስ ኤፍ6 4.ቢሾፕ ጂ2 ቢሾፕ ኢ7 5.ካስሊንግ ካስሊንግ 6.ዲ4 ሲል ካታላን ሆነ። ስሙን የምንሰጠው የት ላይ ቆመን ነው?

ዜሮና አንድ (ኮምቦልቻ)

ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው መሄድ። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ስምና ኮድ ያላቸውን አሰላለፎች በነፃ ዝርዝር አውጥቶታል፣ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ጨዋታውን ከመጨረሻው እየመለስክ በዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ ያገኘኸውን ስም ትሰጠዋለህ። ጨዋታው በሬቲ ቢጀምርም ካታላን ላይ ደርሶ ከሆነ ካታላኑ ይቀድማል።

መምህር ነኝ (ወልድያ)

ዘዴው ጥሩ ነው፣ አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የፔትሮቩን ጨዋታ ተመልከቱ። በዚህ ዘዴ «ፍሬንች ኤክስቼንጅ» ይባላል፣ ሲ01። ያ ጥቁር ተጫዋች ግን ፍሬንች ተጫውቶ አያውቅም። የእሱን የፔትሮቭ ውጤት ስትቆጥሩ ይህ ጨዋታ ካልገባ ቁጥሩ ያሳስታል። ሰው ስለ ራሱ ሲጠይቅ በ«የመጣበት» ቁጠሩ፤ ስለ አሰላለፉ ሲጠይቅ በ«አሰላለፍ»። የጀማሪው ልጅ የካሮ-ካን ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ በሁለቱም ዓምድ ካልፈለጋችሁ ፓኖቮቹ ሰሚ-ታራሽ ውስጥ ገብተው ይጠፉበታል።

ሲ4 ብቻ (ወልድያ)

መምህር፣ ይህን ከመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት።

ለዜሮና አንድ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። 1.ሲ4 ኢ5 ስጫወት «የተገለበጠ ሲሲሊያን» ይሉኛል። ይህንንስ ሲሲሊያን ውስጥ ታስገቡታላችሁ?

ዜሮና አንድ (ኮምቦልቻ)

የለም እህቴ፣ እሱ እንግሊሽ ሆኖ ይቀራል። የወታደሮቹ ቅርጽ ቢመሳሰልም ቀለሙ ተገልብጧል፣ አንቺም አንድ እንቅስቃሴ ትርፍ አለሽ። ከዚህም የጠበበ ምሳሌ አለ፦ 1.ኢ3 ኢ5 2.ኢ4 የተባለ እንደሆነ ሰሌዳው ልክ እንደ 1.ኢ4 ኢ5 ነው፤ አንድም ጠጠር አይለይም። ተራው ግን የጥቁሩ ነው። ስለዚህ አሰላለፉ ሌላ ነው፣ ለብቻው ይመዘገባል።

አባ መደቅ (ሐይቅ)

ተራውን ከሰልፉ ጋር መቁጠራችሁ ደስ ብሎኛል። የወረቀቶቹን መገልበጥ ሥራ ለእኔም አካፍሉኝ፤ የሐይቅ ልጆችን ጨዋታ እኔ እይዛለሁ።

የጦሳ ፈረስ (ደሴ)

እሺ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። የሐይቆቹን ወረቀት ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ። መጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴዎች የማይነበቡበት ወረቀት ካጋጠመዎት አይጣሉት፤ ከመካከሉ አሰላለፉ ከታወቀ ኮዱን ይጻፉና «የመጣበት» የሚለውን ባዶ ይተዉት።